የመልስ መኪና

ሺፋ መልስ ተጠርታ ሳትሄድ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ዛሬም ይህንኑ በሆዷ እያመነዠከች ከሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታባርራለች።

“እሽ፣ ውጭ!” አለቻት። ዶሮዋ በመሪው ላይ ዘላ በመስኮት ወጣች። ወንበሩ ላይ ሁለት እንቁላል ትታ ነበር። ሺፋ እንቁላሉን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ደግ ዓይን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኸይሩ የገጠር መንገድ ሥራ ሹፌር ሳለ፣ ከአምባ መቅደላ ፊት ለፊት ካለው ተዳፋት፣ ከእናት አባቷ ቤት አገባት። ኒካሁ ታስሮ ሁለት ሳምንት ሲሞላ እናቷ እንደ ወጉ ሙሽሮቹን መልስ ጠሩ። ከብት ታረደ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። በዚያው ጧት ኸይሩ፣ “መንገድ ጠራጊው ግሬደር ገደል አፋፍ ላይ ቀርቷልና ድረስ” የሚል መልእክት መጣበት። ድግሱን ጎረቤት በላው። “ግድ የለም፣ ሌላ ጊዜ በመኪና እስከ ደጃፍ አደርስሻለሁ” አላት ኸይሩ። በሌላ ጊዜው ላይ ልጅ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ክረምት መጣ። ሺፋ ለአባቷ ለቅሶ ብቻዋን በበቅሎ ሄዳ ተመልሳለች። ለቅሶ ግን መልስ አይደለም። መልስ ማለት ባል ሚስቱን ይዞ አማቱ ደጃፍ ሲቆም ነው። ኸይሩ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ያንን ደጃፍ አልረገጠም።

ጡረታ ሲወጣ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከጨረታ ገዝቶ መጣ። “ይቺ ለመልስሽ ናት። እናትሽ ደጃፍ ከፎርዊል በቀር የሚደርስ የለም” አላት። እውነቱን ነበር፤ ሚኒባሱ እስከ ተንታ ቢያደርሳት እንኳ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት የሺፋ ጉልበት አይችለውም። ያን ዕለት ደስ ብሏት ለጋቢናው ወንበር ልብስ ሰፋች፤ ቢጫ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ይኸው አራት ዓመቱ፣ ልብሱ ከሳጥን አልወጣም።

አራት ዓመት ሙሉ መኪናዋ አንድ ነገር ይቀራታል። ኸይሩ ያለችው የጡረታ ብር ናትና አዲስ ዕቃ አይገዛም። መጀመሪያ ከወዳደቀ አይሱዙ ባሌስትራ አስፈትቶ ጨመረላት፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ወንዝ ስትሻገር ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ብሎ መተንፈሻውን በቧንቧ ቁራጭ ከጣሪያ በላይ አወጣው። የኋላውን ወንበር ነቅሎ የጣውላ መኝታ ሠራ፤ ከመኝታው ሥር ለስንቅ፣ ለክሪክና ለገመድ መሳቢያ አበጀ። በየጎኑ የጀሪካን ማሰሪያ አስበየደ። አናቷ ላይ ዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ሲያምረው ደግሞ ብረት ተወደደበት። ሺፋ አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የመኝታቸው የብረት አልጋ የለም፤ እግሩና ጎኑ ተቆራርጦ፣ አበባ ያለበት ራስጌው ሳይቀር መኪናዋ አናት ላይ ተበይዷል።

“ፍራሹ አለ አይደል?” አላት። ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ ይተኛሉ።

የመካነ ሰላም ጎረቤት መኪናዋን “የኑሕ መርከብ” ይላታል።

ሺፋ እንቁላሉን ይዛ ወደ ቤት ስትል ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበሩ።

“ሺፋዬ፣ መልሱ እንዴት ሆነ?”

“እየተሠራች ነው፣ እማ።”

“ለመልስሽ ያስቀመጥኋት ጊደር ወልዳ፣ ልጇ ወልዳ፣ አሁን የልጅ ልጇ ናት ደጅ የታሰረችው። ከብቱ ሦስት ትውልድ ሲሄድ አማቼ አንድ ዳገት አቃተው?”

“ዘንድሮ እንመጣለን።”

“ዘንድሮ ካላችሁ ክረምቱ ሳይገባ ይሁን። እኔ አሁን ከመደብ የምነሳው በሰው እጅ ነው። ከክረምት ወዲያ መጥተሽ ብታጭኝ ቅር አይበልሽ፣ ልጄ።”

ስለ ከብቱ ባወሩበት ድምፅ ነው ይህንንም ያወሩት። ሺፋን አንጀቷን የበላት ይሄ ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆመች። ግንቦት ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዝናብ ከጣለ ያ ቁልቁለት እስከ ጥቅምት አይነካም።

መካኒኩ ንጉሡ የሥራ ዕቃውን በማዳበሪያ ተሸክሞ በአጥሩ በር ገባ።

“ዛሬ ደግሞ ምኗን ነው?” አለችው።

“የፊት ባሌስትራውን ፍታው ብለውኛል፣ ጋሽ ኸይሩ።”

“ባለፈው ወር ያሰርኸውን?”

“እሱኑ።”

“ንጉሡ፣ በማርያም እውነቱን ንገረኝ። ይቺ መኪና ምን ይቀራታል?”

ንጉሡ ማዳበሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠና አንገቱን አከከ። “ወላሂ ምንም፣ እትዬ ሺፋ። ካለቀች ዓመት አለፋት። እሳቸው ፍታ ሲሉኝ እፈታለሁ፣ እሰር ሲሉኝ አስራለሁ። ‘ጋሼ፣ ኑሕም እኮ ጨርሶ ሄዷል’ ብላቸው፣ ‘ኑሕ ዳገት አልነበረበትም’ አሉኝ።”

ሺፋ አልሳቀችም። የተማረችው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ሲያታልላት ለማወቅ ግን ሦስተኛ ክፍል አያስፈልግም። እንቁላሉን ለንጉሡ አስያዘችና የጋቢናውን በር ከፍታ ተቀመጠች። ኸይሩ ሽርጡን አገልድሞ ከቤት ብቅ ሲል፣ ሚስቱ መኪና ውስጥ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ አያት።

“ንዳ” አለችው።

“ባሌስትራው እኮ…”

“ባሌስትራውን ተወው። እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ንዳና መልሰኝ። ከሄደች ቅዳሜ እንወጣለን። ካልሄደች ነገ በኪሎ ለብረት ገዢ ነው የምሸጣት።”

“አንች ሴት፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል?”

“ዛሬ አይደለም የነካኝ። ንዳ።”

ኸይሩ ንጉሡን አየ። ንጉሡ እንቁላሎቹን አየ። ሌላ መውጫ አልነበረምና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ አንዴ አስላ ተነሳች፤ ድምጿ ጤነኛ ነበር።

ኸይሩ በደህናው ጊዜ፣ ጭጋግ ውስጥ በገደል አፋፍ ሲነዳ ተሳፋሪው እንቅልፍ ይወስደው ነበር ይባላል። ዛሬ ሜዳውን መንገድ እንደ እርሻ በሬ ነዳው። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ከንፈሩን ነክሶ። ባሕር ዛፉ ጋ ሳይደርስ፣ መንገዱ መሀል ፍሬን ያዘ።

“ምን ሆንህ?”

“ያ ሰውዬ ይለፍ።”

“የቱ ሰውዬ?”

ከመንገዱ ዳር አጥር ላይ የተሰጣ ባዶ ማዳበሪያ በነፋስ ይወዛወዛል። ሌላ ነገር የለም። ሺፋ ማዳበሪያውን አየች፤ ቀጥላ የባሏን ዓይን አየች።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለች ቀስ ብላ።

ኸይሩ ሞተሩን አጠፋ። “ሁለት ዓመት አለፈው። ደሴ የሄድሁ ጊዜ፣ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው አሉኝ። ከጎንና ከጎን ያለው ጠፍቷል። መሀሉን ነው የማየው፣ እሱም ጭጋግ ለብሶ።”

“ጠብታውን የት ነው የምትደብቀው?”

“እዚሁ፣ ከመኝታው ሥር ካለው መሳቢያ።”

“ለምን አልነገርኸኝም?”

“ምን ብዬ? ሠላሳ ሁለት ዓመት መሪ ይዤ ነው የኖርሁት። በመኪና አደርስሻለሁ ብዬሻለሁ። መኪናዋ አላለቀችም ማለት ይቀለኛል፣ ሹፌሩ አለቀ ከማለት።”

ሺፋ ለዚህ ቀን ሃያ ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ንግግር ነበራት። ግሬደሩ ነበረበት፣ ጎረቤት የበላው ድግስ ነበረበት፣ የብረት አልጋውም ነበረበት። አፏ ድረስ መጣ። ከዚያ የሰውዬውን እጅ አየችው፤ ሞተሩ ቆሞም መሪውን አልለቀቀም። ንግግሩን ዋጠችውና በሩን ከፍታ ወረደች።

በእጇ እያመላከተች መኪናዋን አስዞረችው። ከዚያ ነጩን ሻሿን ፈትታ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ከመኪናዋ ፊት ቆመች።

“ሻሼን እያየህ ቀስ ብለህ ተከተለኝ” አለችው።

እንዲህ ሆነው ተመለሱ፤ እሷ በሚያማት ጉልበቷ እያነከሰች ከፊት፣ ኸይሩ መኪናዋን እንደ እሷው እያስነከሰ ከኋላ። ጎረቤቷ አሰጋሽ ከደጇ ላይ ሆና አየቻቸው።

“ሺፋ፣ ዛሬስ መርከቧን ትጎትቻት ጀመር?”

“ጉልበቴን እያፍታታሁ ነው” አለች ሺፋ ሳትቆም። “ቅዳሜ መንገድ አለብኝ።”

ቤት እንደገባች ለልጇ ለሰልሰቢል ደወለች። ሰልሰቢል አቀስታ የከብት ክትባት ሠራተኛ ናት፤ የመሥሪያ ቤቷን መኪና ይዛ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራለች። “አባትሽ ዓይኑን ደክሞታል” አለቻት። “ፈቃድ ጠይቀሽ ዓርብ ነይ፣ የምትነጅው አንች ነሽ። ለሰው አታውሪ።” ኸይሩ በጓዳው በር ላይ ቆሞ ሰማ። ወደ መኪናዋ ሄዶ ጠብታውን ከመሳቢያው አወጣና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱ ፊት ጨመረው።

ቅዳሜ ጧት ጎረቤት የመርከቧን መነሻ ለማየት ተሰበሰበ። ንጉሡ ከሥር ተንጋልሎ እያንዳንዱን ብሎን ዳግመኛ አጠበቀ። ጀሪካኖቹ ተሞሉ፣ ትርፍ ጎማው ከአልጋው ብረት ጋር በገመድ ታሰረ፤ ለእናቷ አዲስ ጋቢ ተጠቅልሎ ገባ። ሺፋ ቢጫውን ልብስ ከሳጥን አውጥታ የጋቢናውን ወንበር አለበሰችው። የእጥፋቱ መስመር አልጠፋ ብሎ ነበርና በመዳፏ ደጋግማ አሸችው። ሰልሰቢል ከመሪው ኋላ ተቀምጣ መስታወቱን ታስተካክላለች።

ኸይሩ ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን አድርጎ ወጣ። በጋቢናው በኩል አልሄደም። የመኪናዋን ጎን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ኋላ ዞረና በሩን ከፍቶ፣ በጀሪካንና በስንቅ መሀል ወደ ጣውላው መኝታ መውጣት ጀመረ።

“ጋሽ ኸይሩ፣ ዛሬ ደግሞ ጭነት ሆኑ?” አለች አሰጋሽ። የቆመው ሰው ሳቀ። ኸይሩም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ።

የሺፋ እጅ የጋቢናው በር ላይ ነበር። አራት ዓመት የጠበቀችው ወንበር፣ እንዲያውም ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀችው፣ ቢጫውን ለብሶ ፊቷ ላይ ነው። እናቷ ደጃፍ ከዚያ ወንበር ላይ ስትወርድ ስንት ጊዜ በሐሳቧ አይታዋለች።

“ኸይሩ፣ ወዴት ነው?” አለች።

“አንች ቦታሽን ያዥ እንጂ። ለብሶልሽ የለ?”

“ጉልበቴ ታጥፎ ተንታ አይደርስም። እኔ እግሬን ዘርግቼ ነው የምሄደው።”

“ሺፋ…”

“ደሞስ ልጅቱ መንገዱን መች ታውቀውና? ያ መንገድ ሲቆረጥ የነበርህ አንተ አይደለህ? ና፣ ከፊት ግባ። ሰው አታስቁም።”

ኸይሩ መኝታው ላይ ያወጣውን እግሩን መለሰ። ከዚያ ወረደ። በአጠገቧ ሲያልፍ ክንዷን በጣቶቹ ነካ አደረጋት። ቢጫው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ልብሱ እንዳይጨማደድ ኮቱን ሰበሰበ።

ሺፋ በንጉሡ ትከሻ ተደግፋ ከኋላ ወጣችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ጣውላው ላይ ጋደም ብላ ጉልበቷን ዘረጋች። ከመስኮቱ በላይ የአልጋዋ ራስጌ አበባ ሰማዩን ይዞ ይንቀጠቀጣል። መኪናዋ ከከተማው ወጣች።

“ከዳገቱ በፊት ወደ ሁለት ቀይሪ” ይላል ኸይሩ ከፊት። “ከታጠፍሽ በኋላ ግራው ሸክላ አፈር ነው፣ ያንሸራትታል። ቀኙን ያዥ።”

“እሽ፣ አባ።”

“ቀጥሎ ድልድይ አለ። ስትጨርሽው ንገሪኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ።”

ድምፁ የድሮው የሹፌሩ ድምፅ ነበር። የሺፋ ስልክ ጮኸ።

“ተነሳችሁ?” አሉ እናቷ።

“ተነሳን፣ እማ።”

“አልሀምዱሊላህ። ማን ነው የሚነዳው?”

ሺፋ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ልጇ መሪ ይዛለች። ባሏ አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የማያየውን መታጠፊያ ያሳያል።

“ኸይሩ ነው የሚያመጣን” አለችና መልሳ ጋደም አለች።