የመቀየሪያው እጀታ

መብራት በሄደ ቁጥር የባሌ ታላቅ ወንድም ከላሞቹ በረት ሆኖ ይጠራኛል። እኔ አጠገቡ ካልቆምኩ ጄኔሬተሩን አያስነሳም።

ዛሬም ላሞቹ ሳይታለቡ መብራቱ ድርግም አለ። ስደርስ ጄኔሬተሩን የሚያዞርለትን ትራክተር አገናኝቶ፣ በሁለቱ መካከል የሚሽከረከረውን ዘንግ በሽፋኑ ሸፍኖ ጨርሷል። ሞተሩን ግን ገና አላስነሳም።

«እይልኝ እህቴ» አለና ግድግዳው ላይ ያለውን የመስመር መቀየሪያ እጀታ ወደ ታች ሳበው። «ይኸው፣ ከውጭው መስመር ተለየን። ከዚህ የሚወጣ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያለ ሰው አይነካም። አየሽ አይደል?»

«አየሁ ጋሼ።»

ምሰሶ ላይ የነበረው ሰው ባሌ ነው። የመብራት ሠራተኛ ነበር፤ ያን ቀን ወንድሙን በጨለማ ያስቀመጠውን የተበጠሰ ሽቦ ሊቀጥል ወጣ። ወንድሙ ደግሞ ላሞቹ ጮኹብኝ ብሎ፣ እጀታውን ሳይስብ ትራክተሩን አስነሳ። ኤሌክትሪኩ በመስመሩ ተመልሶ ሄዶ ባሌን እዚያው ምሰሶው ላይ ገደለው።

«ቀን ጎድሎበት ነው» እያለ ለቅሶው ላይ ደረቱን መታ። ሰዉም አብሮት ቀኑን ረገመ።

አሁን እጁን እያራገፈ፣ «ጥንቃቄ ማለት እንዲህ ነው!» ይለኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዛሬ ግን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ይሄን እጀታ የገጠመልህ ማን ነበር?»

የገጠመለት ባሌ ነው፤ እጁን ይዞ እንዴት እንደሚሳብ አስተምሮታል።

«ላሞቹ እየጮሁ ነው» አለና ትራክተሩን አስነሳ።