በሽንኩርትና በአምፖል መካከል

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ የሚጠራው «ነገ ይደርሳል» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ አልዋሹም። ሱሪ የሰጠ ሰው ማክሰኞ ሲመጣ «ነገ ይደርሳል»፣ ረቡዕ ሲመጣም «ነገ ይደርሳል» ነው መልሱ። ሰውየው ግን ሰነፍ አይደለም፤ ይህ ከወዲሁ ይታወቅለት። ጣጣው ያለው ዝርዝር አያያዙ ላይ ነው።

ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ በምስማር የተሰቀለች ወረቀት አለችው። የተቀበለውን ሥራ ሁሉ እሷ ላይ ይጽፋል። ጨርቁን ለክቶ፣ በጠመኔ አስምሮ፣ ገና መቀሱን ሲያሳርፍበት ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ እንዲህ ነበር ያስለመዱት። «የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ጣቃው አይመለስም፤ እንዳለቀ ቁጠረው» ይሉት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መስፋት፣ መተኮስ፣ ቁልፍ መትከል ለእሱ ትርፍራፊ ነው። በእሱ ሒሳብ ሥራው ሁልጊዜ አልቋል፤ ደንበኛው ግን እስካሁን ሱሪ የለውም።

ሚስቱ የዚህ ተቃራኒ ናት። በአንድ ሆስፒታል የአንሶላ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ሠርታለች። እዚያ አንሶላ ታጠበ የሚባለው ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ቤቷንም የምታስተዳድረው በዚሁ ሕግ ነው። እሑድ ጠዋት ጊዜው ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ገልብጣ የሳምንቱን ዝርዝር ትጽፍና ፍሪጁ በር ላይ ትለጥፋለች። ትልቅ ጉዳይ ትንሽ ጉዳይ ብላ አትለይም፤ ትዝ እንዳላት ትደረድረዋለች። ሽንኩርት፣ አዋላጅ መሆን፣ የኮሪደሩ አምፖል፣ የልጅቷ ጫማ።

ሽንኩርቱ ይገዛና ይሰረዛል። አምፖሉም ይቀየራል፣ ተቃጥሎም ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። «አዋላጅ መሆን» ግን ከእሑድ ወደ እሑድ እየተገለበጠ ስድስት ዓመት ሞላው። በስድስቱ ዓመት ውስጥ ሴትዮዋ ከሥራ መልስ እየተማረች፣ እያንቀላፋች፣ ልጇ እየሳቀችባት፣ ያቋረጠችውን ትምህርት ጨረሰች። ባልየው ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ ቀን እንኳ «ለመሆኑ ለምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። ክፉ ሆኖ አይደለም። «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ያልጠየቀ ሰው ደግሞ አላጠፋም ብሎ ያምናል፤ ብዙ ባል እንዲህ ያምናል።

ዘንድሮ የጤና ማሠልጠኛው የአዋላጅነት ማስታወቂያ አወጣ። ዕድሜያቸው አርባ ያልሞላ ይላል። እሷ አርባን የምትደፍነው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ አትደርስም፤ ወይ ዘንድሮ ነው፣ ወይ መቼም አይደለም። ፎርሙ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ይሞላ ይላል። የእሷ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ በጠመኔ ሲያሰምር የኖረው ባሏ ግን ፊደሉ ለዓይን ይጣፍጣል። ማሠልጠኛውም ከሱቁ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ «ፎርሙን ሞልቶ ማስገባት፣ አንተ» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ መቀሱን አስቀምጦ ፎርሙን መሙላት ጀመረ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ አድራሻዋን፣ የትምህርት ደረጃዋን አሳምሮ ጻፈ። ማታ ቤቱ ሲገባ እጁ በልማዱ ብዕር አነሣና ፍሪጁ ላይ ያለውን መስመር ሰረዘው። ተጀምሯል እኮ!

ሚስቱ የተሰረዘውን ስታይ ከደስታዋ ብዛት ግንባሩን ሳመችው።

«አንተ ሰውዬ! ለአንድ ቀን እንኳ ነገ ሳትል!»

ያኔ አንዲት ቃል መተንፈስ ነበረበት። ግን የተሳመ ግንባር ይዞ «ገና ነው» ማለት ከበደው። ነገ ጨርሼ አስገባዋለሁ፣ ማን ያውቅብኛል አለ በሆዱ።

ነገም መጣ፤ ችግሩ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነበር። «ይህን ሙያ ለምን መረጡ? ከአምስት መስመር ባልበለጠ ይግለጹ» ይላል። ልብስ ሰፊው ብዕሩን ይዞ ቀረ። ሰውን ለመርዳት? ሰውንማ ሳትሠለጥንም ትረዳለች። ደመወዙ ስለሚሻል? ይህን ጽፎ ብታየው በቁሙ ትቀብረዋለች። በቁራጭ ወረቀት ሞከረ፣ ቀደደ፣ እንደገና ሞከረ። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ትራስ ተኝቶ የሚስቱን ልብ አያውቀውም። ይህን ሲረዳ በገዛ ሱቁ ውስጥ ብቻውን አፈረ። ፎርሙን ከመቁረጫው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ነገ እጠይቃታለሁ» እያለም ሦስት ሳምንት አለፈ።

ዓርብ ዕለት አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ሚስቱ ከሥራ በቀጥታ ሱቁ መጣች። ፊቷ ይፈካል።

«የፈተና ቁጥሬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለች። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምዝገባው ይዘጋል። ሥራ ቦታ አብረውኝ የሚያመለክቱት ፎርማቸውን ሲያስገቡ የተሰጣቸውን ቁጥር ይዘው ሲያወሩ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ቀረሁ። የኔን የት አደረግከው?»

ልብስ ሰፊው ክው አለ። እግሩ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ተቆርጧል» አለ።

«ምኑ?»

«ማለቴ... ተጀምሯል።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ እሱን አየችው። ቀጥላ ምስማሩ ላይ ያለችውን ወረቀት አየች፤ ሁሉም ተሰርዟል። ቀጥላ ማዕዘኑ ላይ የተከመሩትን፣ ተቆርጠው ስፌት የሚጠብቁትን ሱሪዎች አየች። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

«እንደ ሰው ሱሪ ሰርዘህ አስቀመጥከኝ?»

 መሳቢያውን ስቦ ፎርሙን አወጣላት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ነቁጥ የምታህል ስሕተት የለበትም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይቺስ?»

«እሷን አላውቃትም።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቃተህ ይቺ ናት?»

«እሷው ናት።»

«እኔ እኮ ሌላ አገር አይደለም ያለሁት፤ አጠገብህ ነው የምተኛው። ጠይቀኸኝ ቢሆን ምን ነበረበት?»

«አፈርኩ» አለ። «እስከ ዛሬ ሳላውቅ መኖሬን ታውቂብኛለሽ ብዬ።»

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ደግሞ ሰዓቱን አየችና አፏን ዘጋችው፤ ለጠብ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም።

«ተነሣ» አለችው።

ሁለቱንም መንገዶች ሮጠው ተሻገሩ። እሱ አንገቱ ላይ ሜትር፣ ደረቱ ላይ መርፌ እንደሰካ ነው፤ ያየው ሁሉ ዞሮ ይስቃል። የማሠልጠኛው መዝገብ ቤት ሲደርሱ መዝጋቢዋ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ የተሰበሰቡትን ፎርሞች ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

«እናቴ፣ ልዘጋ እኮ ነው» አለች። ፊታቸውን ስታይ ግን እጇን ዘረጋች። «እስቲ ያምጡት። አሥር ደቂቃ አለን።»

ፎርሙን ስታይ ቅንድቧ ተነሣ።

«ጽሑፉ እንዴት ያምራል! ግን ይቺ ባዶ ናት። ባዶ ያለበትን አልቀበልም። የእጅ ጽሑፉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።»

ሚስትየዋ ፎርሙን ወደ ባሏ ገፋችው።

«ጻፍ» አለችው። እሱን አላየችውም፤ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ላይ ተከለች። «ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጄ ሞታ ተወለደች።»

ብዕሩ ቆመ። ያን ቀን እሱ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ግባ ሲሉት ሕፃኗ ተወስዳለች፤ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ቁስሏን እንዳይነካባት ብሎ ዝም አለ። ዘመድ አዝማዱም «ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ፣ እርሱት» አላቸው። እሱ እንደተባለው የረሳ መሰለ፤ መርሳቱንም ለእሷ እንደ ማዘን ቆጠረው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ልጃቸው ስትወለድ ነገሩ በዚያው ተዳፈነ።

«ጻፍ እንጂ» አለችው።

ጻፈ።

«አዋላጇ ልጄን አጠበቻት። ፀጉሯን በጣቷ አበጠረችላት። ጠቅልላ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝና፣ ስሟን ማን ልበላት ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እሷም በስሟ ጠራቻት።» ዓይኗን ከሰዓቱ አላነሣችም። «ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔ ያንን የሚጠይቅ ሰው መሆን ነው የምፈልገው። አምስት መስመር አለፈ እንዴ?»

«አላለፈም» አለ ባልየው።  እነዚያ አምስት መስመሮች እንደ ሌሎቹ ቀጥ አላሉም።

መዝጋቢዋ ቀና ሳትል ማኅተሙን አሳረፈች። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ለሴትዮዋ ሰጠቻትና በሁለት እጇ እጇን ያዘቻት። «ይቅናዎት» አለቻት።

ወጡ። ደረጃው ላይ ተማሪዎች ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሚስትየዋ ወረቀቷን በቦርሳዋ የውስጥ ኪስ ከታ ቀድማ ወረደች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ባሏ እንዳልተከተላት አውቃ ዞረች። እላይ የበሩን ብረት ይዞ ቆሟል።

«ምነው? ና እንጂ!»

«ማን አልሻት?» አለ።

 ተማሪዎች በሁለቱ መካከል እየተሳሳቁ አለፉ። ፊቷ መጀመሪያ ቁጣ ቁጣ አለ፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ቁጣ ነው፣ ቢወጣም አይፈረድባትም። ቀጥሎ ረገበ። የወረደችውን ደረጃ አንድ በአንድ ተመልሳ ወጣች፤ አጠገቡም ቆመች።

«ሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈልግም» አለችና ጆሮው ላይ ተጠግታ ነገረችው።

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠራት።