ያለ መዶሻ የገባው ባላንሰር

የጋራዡ አለቃ ጋሽ ኢተፋ ትልቁን መዶሻ ትከሻቸው ላይ አስደግፈው፣ «በል ጀርመኑ፣ ዞር በልልኝ» አሉኝ።

አልዞርኩም። ከኋላዬ የዝዋይ ሽንኩርት አምራቾች ማኅበር የውሃ መሳቢያ ሞተር ሆዱ ተከፍቶ ቆሟል። አዲስ ክራንክሻፍት፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ፣ አስገብተንለታል፤ የቀረው ባላንሰሩ ነበር። ባላንሰር ከሞተሩ ፊት በሚወጣው የክራንኩ ጫፍ፣ በአፍንጫው ላይ የሚጠልቅ ከባድ የብረት ቀለበት ነው፤ መሐሉ ላይ ባለው ጎማ የሞተሩን ንዝረት ይውጣል። በእኛ የናዝሬት ጋራዥ ግን ቺንጋ እንደሚያዞር ማንኛውም ፑሌጃ በመዶሻ ነበር የሚገባው። ሠራተኛው ዙሪያውን ቆሞ «በለው!» ይላል፤ የመጨረሻውን ምት አለቃው ይመታል። አምናም እንዲሁ ገብቶ ጎማው ላላ፤ ዘንድሮ በጥር፣ ሽንኩርቱ ውሃ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ክራንኩ ተሰበረ።

«ጎማው ስለተጎዳ ነው የተሰበረው ጋሼ። ይኼንንም ከመቱት ያው ነው።»

«ይኼ ደግሞ ከተሰበረ አሻጥር ነው የሚባለው። የምታሰረው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። ለመሆኑ ስንት አስገብተሃል?»

 ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ስማር አንድም በእጄ አላስገባሁም፤ መምህሩ ሲያስገባ ነው ያየሁት። እዚያ መሣሪያው ሁሉ ተዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ከተመለስኩ ጀምሮ የተማርኩት እዚህ ይሠራ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ነበር የከረምኩት።

የማኅበሩ ፓምፕ ጠባቂ ጆቴ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ይሰማናል። «ያ ዋቃ! አምላኬ! እናንተ ስትከራከሩ ሽንኩርቱ ደረቀ። ነገ ውሃ ካላገኘ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ይስጡኝ» አልኳቸው ጋሽ ኢተፋን። «ካልገባ መዶሻው የእርስዎ ነው።»

ክራንኩ ሌላ አገር በአምሳያው የተሠራ እንጂ ከሞተሩ ፋብሪካ የመጣ ስላልነበረ አላመንኩትም። አፍንጫውንና የባላንሰሩን ቀዳዳ በካሊብሮ ለካሁ። አፍንጫው ከቀዳዳው በፀጉር ውፍረት ያህል ይበልጣል፤ ጠብቆ እንዲይዝ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄጄ አንድ ረጅም ብረት ላይ የቡሎን ጥርስ አስወጣሁ። አንዱ ጫፍ ክራንኩ ውስጥ ይጠመጠማል፤ በሌላው ጫፍ ቀለበት የመሰለ ወፍራም ሮንዴላ፣ ያለ ፍትጊያ የሚዞር አሮጌ ኩሽኔታና ዳዶ አደረግሁበት። ዳዶው ሲጠብቅ ባላንሰሩን ቀስ እያለ ይገፋዋል። ባላንሰሩን ቀዳዳው እንዲሰፋ በፈላ ውሃ አሞቅሁት፤ አፍንጫውን ዘይት ቀባሁና ማጥበቅ ጀመርኩ።

ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ጣት የሚያህል ሲቀረው ቆመ።

«መዶሻ ይምጣ!» አለ አንዱ። ጋራዡ በሳቅ ሞላ።

ጫን ስለው ብረቱ ጮኸ። እጄን አነሳሁ። ምን ሳልለካ ቀረሁ? ባላንሰሩ እንዳይዞር የምትይዘው ትንሿ ብረት ትዝ አለችኝ። ከክራንኩ ጋር ግራሶ በተቀባ ወረቀት ተጠቅልላ የመጣች ናት፤ አዲስ ስለሆነች ብቻ ሳልለካ አፍንጫው ላይ በተቆረጠላት ጎድጓዳ ቦታ ሰካኋት። ባላንሰሩን መልሼ አወጣሁት። የብረቷ አናት ተፍቆ ያብረቀርቃል።

«ጋሼ፣ ይዩት።»

በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። ፊታቸው ተለወጠ። «ረዝማለች። ብመታው ኖሮ ባላንሰሩን ለሁለት እሰነጥቀው ነበር።» መዶሻውን ግድግዳው ጥግ አቁመው ሞረድ አመጡ። እሳቸው ይሞርዳሉ፣ እኔ እለካለሁ። እንደገና ውሃ አፈላን፣ እንደገና ዘይት ቀባን። ዳዶውን አጠበቅሁ። የሳቀ አልነበረም።

ጠቅ አለና እስከ ጥጉ ደረሰ።

«ደረሰ!» ብሎ ጆቴ ከጎማው ላይ ተፈናጠረ።

ሞተሩን ስናስነሳው ጋሽ ኢተፋ አናቱ ላይ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ አስቀመጡ። ሻዩ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልፈሰሰም። ብርጭቆውን አንስተው ሰጡኝና ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «የዚህ ልጅ ስም አብተው እንጂ ጀርመኑ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ባላንሰር የሚያስገባው እሱ ነው። መዶሻ የነካ ወዮለት!»

በማግስቱ ሞተሩን ዝዋይ ወስደን ከፓምፑ ጋር ገጠምነው። ፓምፑ ሁለት ሦስቴ ካሳለ በኋላ የሐይቁን ውሃ ወደ ቦዩ ተፋው። ጆቴ ሱሪውን ሰብስቦ ከውሃው ፊት ፊት እየሮጠ፣ መስመሩን በአካፋ እየከፈተ ይጮህ ነበር።

«ጀርመን! ምን ትቆማለህ? ና ግባ!»

ጫማዬን ወርውሬ ገባሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ውሃው ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እያለፈ፣ እኛ እየጮህን፣ እስከ እርሻው ዳርቻ ድረስ አብረነው ሮጥን።