ሰላምታ የማይሰለቸው በቀቀን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ካለበት የጫንኩት ይገልበጥ፣ የዘራሁት አይብቀል፣ ይህችው ምላሴም ከሥሯ ትነቀል። የማታምኑ አትመኑ። እኔን ያላመነ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አንድም ቀን በራሴ ተጠራጥሬ አላውቅም።

ልጁ ተማሪ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሪ ሲለዋወጥ፣ ለአንድ ዓመት ቋንቋ እንዲማር ወደ ሰው አገር ተላከ። ቤተሰቦቹ «ጥድፊያ» ይሉታል። ሲወለድ እንኳ አዋላጇን ቀድሞ የደረሰ ነው ይባላል። ሲበላ ይጣደፋል፣ ሲራመድ ይጣደፋል፤ እናቱ ስትደውልለትማ «ደህና ነኝ፣ እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው» ብሎ የሚዘጋው ገና «ሄሎ» ያለችበት አፏ ሳይገጠም ነው።

ያረፈው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ሴትዮ ቤት ነው። ሴትዮዋ ጡረታ ወጡ እንጂ ስፌት አልወጡም፤ የሰፈሩን ሱሪ ያሳጥራሉ፣ የተበላሸ ዚፕ ይቀይራሉ። ሳሎኑ ውስጥ የስፌት መኪና አለ፤ ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክር ተበትኗል፤ ከመኪናው አጠገብ ደግሞ በር የሌለው ጎጆ ተሰቅሏል። የጎጆው ባለቤት በቀቀን ነው። ጥድፊያ «አያ ላባ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስም ያወጣለትም ወዶት አይደለም።

ምክንያቱም ወፉ ያገሬውን ቋንቋ ከእሱ አሳምሮ ይናገራል። ጥድፊያ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ሲያላምጠው የዋለውን ዓረፍተ ነገር ማታ ገበታ ላይ ሲተፋው፣ አያ ላባ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ስህተቱን አርሞ ይደግመዋል። ሴትዮዋ በሳቅ ከመፍረሳቸው በፊት ከንፈራቸው መሃል የያዙትን መርፌ ያወጣሉ። ከዚያ ከብርቱካናቸው ቆርሰው ወፉን በእጃቸው ያጎርሱታል። ለጥድፊያ ሳህኑን ገፋ ያደርጉለታል። ወፉን «ነፍሴ» ይሉታል፤ እሱን «ተማሪው»።

ሰው በሰው ይቀናል፣ ያለ ነው። ጥድፊያ ግን በላባ ቀና። ለወፉ የደረሰውን የብርቱካን ቁራጭ ከራሱ ጋር በዓይኑ መመዘን ጀመረ። አውቶቡስ ላይ ቆሞ ሲሄድ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወረፋ ሲጠብቅ፣ የሚያስበው ያንን ወፍ ነው። አንድ ቀን አስተማሪው አነጋገሩ እንደተሻሻለ ቢነግሩት፣ ፊቱን አጥቁሮ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ ጠየቃቸው።

በመጨረሻ ተንኮል አሰበ። ወፉን የራሱን ቋንቋ ቢያስተምረው፣ ሁለቱ ቋንቋ ይደበላለቅበትና መቀባጠር ይጀምራል፤ ሴትዮዋም ይሰለቹታል። እሳቸው የተሰፋ ልብስ ሊያደርሱ በወጡ ቁጥር ጎጆው ሥር ወንበር ይስባል። ምን ያስተምረው? ሰላምታ ነዋ። ከእኛ ሰላምታ የበለጠ ሰው የሚያደክም ነገር ከየት ይመጣል? እንዴት ነሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ አንቺስ፣ ሰዉ ሁሉ ደህና ነው? ራሱ ለእናቱ የማይለውን ሁሉ፣ ሴትዮዋን ያዋክብ ብሎ በሴት አንቀጽ ለወፍ አስጠናው። አያ ላባም ቃሉን ብቻ አልወሰደም፤ የጥድፊያን ድምፅ እስከ ጉሮሮ ጥረጋው ድረስ አብሮ ወሰደ።

ሴትዮዋ ሊሰለቹ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ጭራሽ ጎረቤት ጠሩ። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ወፍ ለማየት ሱሪው ያልረዘመበት ሰው ሁሉ ሱሪ ይዞ መጣ። የታችኛው ቤት ፀጉር አስተካካይ ወፉን ሲሰማ ቆየና ወደ ጥድፊያ ዞሮ፣ አንተም እኮ ልክ እንደ እሱ ነው የምትናገረው፣ ጎበዝ ነህ፣ አለው።

ይህ ሁሉ ግን ዋዜማው ነበር።

አንድ እሑድ እናቱ ደወለች። ጥድፊያ ወጥ ቤት ድንች ጥዶ ነበርና ስልኩን ድምፁን ከፍቶ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠው፤ «እማ፣ አንዴ ቆዪ» ብሎ ድስቱን ሊያወርድ ሮጠ። ሲመለስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ብርዱ እንዴት ይዞሃል ልጄ?» ትላለች እናቱ።

«ተመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይላል አያ ላባ።

«እኔማ አለሁ። ጎረቤታችን ያንን አጥር አፈረሰችው አላልኩህም?»

«ሰዉ ሁሉ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። እሷ ብቻ ናት የምትረብሸው።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አጥሩን ጨርሰው የአክስቱን ልጅ ሠርግ ጀመሩ። የሌላ አገር እናት ብትሆን ገና ድሮ ትነቃበት ነበር። የእኛ ሰላምታ ግን ብልሃት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሳይቸኩሉ መቆየት ብቻ ነው። ጥድፊያ ድስቱን እንዳንጠለጠለ የእናቱን ድምፅ ሰማ። እንዲህ ለስልሶ፣ እንዲህ ተዝናንቶ ሰምቶት አያውቅም።

«ዛሬ አንጀቴን አራስከው» አለች በመጨረሻ። «ሁልጊዜ እንዲህ ብታናግረኝ ምን ነበረበት? በል የወጣህበት ይቅና፣ ከፍ በልልኝ።» ዘጋች። ምርቃቱ በሙሉ ወፉ ላይ አረፈ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። በማግስቱ እህቱ ደውላ፣ እማ «ልጄ ሰው ሆነልኝ» እያለች ለሰፈሩ እየነገረች ነው ስትለው ቅናቱ ዓይኑ ድረስ ወጣ። አከራይዋን ይውሰድ። ብርቱካኑንም ይውሰድ። እናት ግን አንድ ናት፤ ከወፍ ጋር አይካፈላትም።

በሚቀጥለው እሑድ ጎጆውን በብርድ ልብስ ጀቦነ፤ ስልኩን ይዞ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ። እናቱ ስትደውል አጥንቶት የዋለውን ሰላምታ በአንድ ትንፋሽ አወረደው።

«ምን ሆነሃል? ያለፈው እሑድ ልጅ የት ሄደ?»

«እማ፣ ያለፈው እሑድ እኔ አልነበርኩም። ወፍ ነው።»

«የምን ወፍ?»

«የሴትዮዋ በቀቀን።»

እናቱ ቀስ ብላ «ወፍም ይሁን፤ አንቺስ ብሎ ጠይቆኛል» አለች።

ይህን ጊዜ አያ ላባ ከብርድ ልብሱ ሥር «እንዴት ነሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ይኸው፣ እሱ ነው! እስኪ አቅርበው።»

ጥድፊያ በሩን በጀርባው ደገፈ። «እኔ ላናግርሽ እማ። እንዴት ነሽ?»

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው።»

«ተመስገን» አለ ወፉ ከሳሎን።

የጥድፊያም «እሺ፣ በቃ ቻው» ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጣት። ወፉ የማይችለውን አንድ ነገር ፈለገ።

«የትኛውን ጉልበትሽን?»

«ግራውን» አለች እናቱ፤ ድምፅዋ እንደዚያ እሑድ ለሰለሰ። «ግራውን ነው ልጄ።» ከዚያ ደረጃ ላይ እንዴት እንደጀመራት፣ ፋርማሲስቱ ምን እንዳላት፣ ሌሊት እንዴት እንደሚቆረጥማት ነገረችው። እሱም ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማት። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ቀጠሮ ነበረው፤ አለፈው።

ሲጨርሱ ግን «በል ያንን ወፍ አቅርብልኝ፤ ሳልሰናበተው አልዘጋም» አለች። አማራጭ ስላልነበረው ብርድ ልብሱን ገልጦ ስልኩን አቀረበ። ሁለቱ ሲመራረቁ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ከእኔ ጋር ካወራችው አንዲት ቃል ታስበልጥና እንተያያለን እያለ በልቡ።

ይኸው ነው ታሪኩ። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ሕሊና የሚባል ነገር ስላለ ልናገር። እናቱን ያመማት ጉልበቷን አልነበረም፤ ወገቧን ነው። ወገብ ደግሞ ግራና ቀኝ የለውም፤ ታዲያ ምን ብሎ ይጠይቃት?