ሌላኛው ክንፍ

የእህቴ ባል «መቀስዎን ይዘው ቢመጡልን» ብሎ ሲደውልልኝ ክው አልኩ። ከሰርጋቸው ወዲህ ቤታቸውን ረግጬው አላውቅም። አንዴ አሟታል፣ አንዴ እንግዳ አለብን፣ አንዴ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው እባላለሁ። ስልኳን የሚያነሳውም እሱ ነው። አሁን ግን በቀቀናቸው መብረር ስላበዛ ክንፉ ይከርከም ተባለ፤ ፀጉር ሠሪ ነኝና እኔ ታወስኩ። ይሁና! የታናሽ እህቴን ዓይን ለማየት እንኳን የወፍ ላባ የዝሆን ጥፍርም እቆርጣለሁ።

«እንኳን ደህና መጡ እትዬ» ብሎ አስገባኝ። ከኋላዬ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ወፉ እንዳያመልጥ ነው» አለኝ።

ወፉ ሽቦ ቤቱ ውስጥ ተዘግቶበት ነበር።

እህቴ ከሶፋው ተነስታ ልታቅፈኝ ስትል መጀመሪያ እሱን አየችው። ስንተቃቀፍ ሻሿ ተንሸራተተ። ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ የሠራሁት፣ ወገቧ ድረስ ይደርስ የነበረው ፀጉር ማጅራቷ ላይ ተቆርጧል። ያውም ሙያው በሌለው እጅ።

«ማነው እንዲህ የጨፈጨፈሽ?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

«ሞቆኝ ነው።»

እኔ የጠየቅኳት ማን ብዬ ነው።

ባሏ መድኃኒት ቤት ስለሚሠራ ነገሩን ሁሉ በልክ ያስረዳል። «ደረቱን አይጫኑት፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ግንዱ የጠቆረውን ላባ እንዳይነኩት፣ ደም አለው። ከዳር ያሉትን ረጃጅሞቹን ብቻ፣ ሁለቱንም ክንፍ እኩል። አንዱ ብቻ ከተቆረጠ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል።»

«ሁለቱም ከተቆረጡስ?»

«ያኔማ ወደ ላይ አይነሳም። ቢወድቅ ግን ቀስ ብሎ ያርፋል። ለራሱ ደኅንነት እኮ ነው።»

ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ይህን ሲል ግን የሚያየው እህቴን ነበር፤ እኔም ደስ አላለኝም።

ወፉን በፎጣ ጠቅልዬ ጭንቅላቱን ብቻ አስወጣሁ። እህቴ አንዱን ክንፍ ዘረጋችልኝ። ላባዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ቆረጥኩ። ስጨርስ ወፉ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን የእህቴ ባል ድምፅ ነው።

«የት ልትሄጂ ነው?»

ወዲያው ደግሞ በእህቴ ድምፅ፣ «የትም። የትም አልሄድም።»

ባሏ ሳቀ። «ወደ መስኮቱ ሲበር እኔ ነኝ እንደዚያ የምለው። ያዘብኝ!»

ወፉ ወንድ ነው። ከገባሁ ጀምሮ «ና»፣ «ተው»፣ «አርፈህ ተቀመጥ» ሲለው ሰምቼዋለሁ። «ልትሄጂ» የሚባል ወንድ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እህቴ አንገቷን እንደደፋች ነው።

«በሉ፣ ሌላኛውን ክንፍ» አለ።

«መቀሱ ዶለዶመ» አልኩት፤ ውሸቴን ነው። «ፀጉር ቤቴ ውስጥ ሌላ አለ፣ ሁለታችን ደረስ ብለን እንመጣለን። ተነሺ፣ ሹራብሽን ደርቢ።»

እህቴ ቀና አለች። ለአፍታ ያቺ የማውቃት ልጅ ዓይኗ ውስጥ ብቅ አለች፤ ከመቀመጫዋም ተነሳች። ልቤ በደስታ ዘለለ። እሱ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። መዳፉን ሸሚዝ ኪሱ ላይ ብቻ አሳረፈ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አላት፣ በለስላሳ ድምፅ፤ ልክ ወፉ እንዳለው አድርጎ።

«የትም» የሚል ሰማሁ። «የትም አልሄድም።»

ወፉ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ፎጣው ውስጥ አፉን ግጥም አድርጎ ያየኛል። ቀና ስል እህቴ ተመልሳ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሌላኛውን ክንፍ ዘርግታልኝ እየጠበቀችኝ ነበር።