አብሮን ያለቀሰ ሳህን

ፍየሏን የገደላት ሠርግ ነው ቢባል ማን ያምናል? ሱሃይላ ግን በዓይኗ አይታዋለች።

ቦንቱ እንደማንኛዋም የአዳማ ፍየል ነበረች። ጠዋት በር ሲከፈትላት ወጥታ ሰፈሩን ስታካልል ትውላለች፣ ማታ ደግሞ ማንም ሳይጠራት ተመልሳ በሩን በቀንዷ ታንኳኳለች። ከወለደች ወር እንኳ ሳይሞላት ሆዷ ተነፍቶ መብላት አቆመች። የሱሃይላ አባት ኑሬ ዝም ብላ ከምትሞትብን ብሎ ቢስሚላህ አለና አረዳት። ጨጓራዋን ሲከፍተው ሣር የሚባል ነገር የለም። ያለው የተቋጠረ የፌስታል ኳስ ነው፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል። በቢላዋ ጫፍ ሲፈታው ጥቁር መጣ፣ ቢጫ መጣ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽዬ ነጭ ፌስታል፣ በወርቅማ ቀለም የተጻፈባት። ሱሃይላ በአውራ ጣቷ ጠርጋ አነበበችው።

«ኢሊያስ እና ጂጂ። መልካም ጋብቻ።»

ኢሊያስ ታላቅ ወንድሟ ነው። አምና ሲያገባ ለእንግዳው ሁሉ ቴምር የታደለው በዚያች ፌስታል ነበር። ያሳተመው፣ ቀለሙን የመረጠው፣ ቁጭ ብሎ ቴምሩን ሦስት ሦስት እያደረገ የከተተው ማን ይመስላችኋል? ሱሃይላ እራሷ!

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች።

«አንቺ ምን አደረግሽ? ነፋሱ ነው እንጂ» አለ አባቷ። አዳማ ላይ ጥፋት ሁሉ የነፋሱ ነው።

ሱሃይላ ነፋሱን ይቅር ብላ ራሷን ግን ይቅር ማለት አቃታት። አሥራ ሁለተኛን ገና መጨረሷ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ግልገሏን በጡጦ ማጥባት ሆነ። ግልገሏ ጠጥታ ስትጨርስ ወደ በሩ ትሮጣለች። ሱሃይላ ደግሞ በሩን ትዘጋባታለች።

እንዲህ እያለች ሳለ የእህቷ የቀመሪያ ሠርግ ደረሰ። እናቷ ፋኢዛ አንድ ቀን ከገበያ ትልቅ ካርቶን አሸክማ መጣች። ውስጡ በልተው የሚጥሉት ነጭ ሳህን ነው፣ እስከ አፉ።

«በቃ ተገላገልን! በልቶ መወርወር ነው፣ ማን ያጥባል» አለች ፋኢዛ።

«የት ነው የሚወረወረው?» አለች ሱሃይላ።

«ቆሻሻ ላይ ነዋ!»

«ቆሻሻውስ የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ጋሪ ይወስደዋል።»

«ጋሪው ወስዶ ገደሉ ጋ ይደፋዋል፣ ነፋሱ መልሶ ያመጣዋል፣ ይቺ ደግሞ ትበላዋለች» አለችና ግልገሏን ብድግ አድርጋ እናቷ አፍንጫ ሥር አመጣቻት። ግልገሏ የእናትየውን ሻርፕ መብላት ጀመረች።

«አንሺልኝ ይቺን! ታዲያ በምን እንብላ፣ በመዳፋችን?»

«በእድሩ ሳህን።»

ይሄን ጊዜ ፋኢዛ ቁጭ አለች። እንግዲህ የዚያ ሰፈር ነገር እንዲህ ነው፦ እድሩ የብረት ሳህን ሞልቶታል፣ ግን ከእቃ ቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ሳህን ጀርባ በቀይ ቀለም «እድር» ተብሎ ተጽፎበታል። ለሠርግ የዚያን ሳህን የተዋሰ ሰው በሰፈሩ ታሪክ የለም።

«የለቅሶ ሳህን?» አለች ፋኢዛ። «ልጄን ልድራት ነው ልቅበራት? አኡዙ ቢላህ!»

«ሳህን መሆኑን ነው የማውቀው፣ እማ። ለቅሶ በሳህን አይተላለፍም።»

ቀመሪያ ከመስኮቱ ሥር ሆና እጇን እያየች ነበር። ይቺ ልጅ ድሮም ድምፅ የላትም። «ለእኔስ ግድ የለኝም» አለች ቀስ ብላ። «ግን አዴ በድሪያ ካኮረፉ፣ ሱሁ፣ ዕድሜ ልኬን አብሬያቸው የምኖረው እኔ ነኝ።»

አዴ በድሪያ ማለት ሙሽራውን ያሳደጉት የሻሸመኔዋ አክስቱ ናቸው። ቀመሪያ የምትገባው እሳቸው ግቢ ነው። ለሽምግልና የመጡ ቀን የሶፋውን ልብስ ገልጠው ሥሩን ያዩ ሴትዮ ናቸው፣ ሌላ ምን ልበላችሁ?

ሱሃይላ ይሄን ሰማች። ግን እሺ አላለችም። ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ፣ በአራተኛው ፋኢዛ ደከማት።

«ስሚ» አለች ጣቷን ቀስራ። «አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በዚህ ሳህን አልበላም ካለ ካርቶኑን በገዛ እጅሽ ትከፍቺና ታቀርቢለታለሽ። ማዪ!»

«ወላሂ» አለች ሱሃይላ።

የእድሩን እቃ ቤት ቁልፍ የያዙት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። በሩ ላይ ሲያይዋት ነጠላቸውን ወደ ላይ ሳቡና፣

«ውይ ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉ።

«ኧረ ማንም! ቀመሪያ ልታገባ ነው። ሳህን ፈልጌ ነው።»

እትዬ ወለተሥላሴ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሃያ ሁለት ዓመት ይቺን ቁልፍ ስይዝ አንድ ሰው እየሳቀ መጥቶ አያውቅም። ሁሉ አልቅሶ ነው የሚመጣብኝ። ግቢ፣ ግቢ! የፈለግሽውን ቁጠሪ።»

የሠርጉ ቀን ውሃ ጠፋ፤ እሱማ ያው ነው። ሱሃይላና ጓደኛዋ ሌንሳ በጠዋት ጋሪ ተከራይተው በጀሪካን አመጡ። ሳህኑ ለግማሹ እንግዳ ብቻ ስለሚበቃ የመጀመሪያው ዙር ሲነሳ ለሁለተኛው እየታጠበ መድረስ አለበት። ሌንሳ ድንኳኑ ጀርባ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሰብስባ፣ «ኮሌጅ ገብቼ የሳህን ዲግሪ ነው የምይዘው» እያለች ትፈትጋለች። ሱሃይላ ታደርቃለች፣ ትሮጣለች። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። ሰው ራበው፣ በላ፣ በቃ። የሳህን ጀርባ ማን ያያል?

በሁለተኛው ዙር የሻሸመኔዎቹ ገቡ።

አዴ በድሪያ ተቀመጡ፣ ሳህኑን ተቀበሉ፣ ምግቡ ሳይቀርብ ገለበጡት። አነበቡት።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ።

«ፍየሌ» አለች ሱሃይላ። አፏን ይዛ ሳትጨርስ አመለጣት።

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። አዴ በድሪያ ግን አልሳቁም። «የቀልድ ቤት ነው እንዴ የመጣነው? ለሙሽራ በለቅሶ ሳህን?»

ሱሃይላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አዴ፣ አያቴ ስትሞት እናቴ እህል አልወርድ ብሏት ነበር። ጎረቤት መጥቶ ያጎረሳት በዚህ ሳህን ነው። አብሮን ያለቀሰ ሳህን አብሮን ቢደሰት ምን አለበት?»

ፋኢዛ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። አዴ በድሪያ ሳህኑን አጠገባቸው ወንበር ላይ አስቀመጡና፣ «እኔ አልበላም» አሉ።

ፋኢዛ ልጇን አየቻት። ማለት ያለባትን በዓይኗ አለቻት፦ ካርቶኑ።

ሱሃይላ ቤት ገባች። ወላሂ ብላለች። ካርቶኑን በጥርሷ ቀዳ ከፈተችውና ከዚያ ሁሉ መሃል አንድ አወጣች፣ አንድ ብቻ። ሩዙን ጨመረች፣ ሥጋውን ደረበች፣ ተመልሳ በሁለት እጇ ጎንበስ ብላ አቀረበች።

«ይኸው አዴ፣ እንዳሉት። ግን በልተው ሲጨርሱ ሳህኑን ይዘውልኝ ይሂዱ። እዚህ ከቀረ ግልገሌ ትበላዋለች። እናቷ የሞተችው የወንድሜን ሠርግ በልታ ነው።»

ድንኳኑን ነፋሱ ያራግበዋል። ያን ጊዜ አንዲት ድምፅ ተሰማች፣ ማንም ያልጠበቃት።

«ሱሁ፣ ለእኔ በብረቱ አምጪልኝ። እርቦኛል።»

ቀመሪያ ናት! ሙሽራ ሰው ፊት አንገቷን ቀና አታደርግም፣ እርቦኛል ማለትማ ጭራሽ። እሷ ግን ቬሏን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ እጇን ዘርግታለች። ሱሃይላ አመጣችላት። ቀመሪያ ሳህኑን ገልብጣ ጽሑፉን ለሰው ሁሉ አሳየች፣ መልሳ አቃናችውና ሩዙን አስጨምራ መብላት ጀመረች። ባሏ ደንግጦ አክስቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ከሚስቱ ሳህን ጎረሰ።

አዴ በድሪያም ግትር ናቸው፤ በነጩ ሳህን በሉ። በሉ እንኳን አይባልም፣ ታገሉ እንጂ። መረቁ ሲነካው ሳህኑ መሃሉ እጥፍ ይላል፣ ነፋሱ ደግሞ ከዳሩ ያነሳዋል፤ በአንድ እጅ ደግፈው በአንድ እጅ ተጫኑት፣ ለመጉረሻ እጅ አጡ። በመጨረሻ ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳያስቀሩ ጨረሱ። ማንም አልሳቀም፤ ሌንሳ ግን ድንኳኑ ጀርባ ሄዳ ተንከባለለች።

ወደ አመሻሹ ሚኒባሱ ተነሳ። ቀመሪያ እህቷን አቅፋ አልቅሳ፣ ገብታ ተቀመጠች። አዴ በድሪያ ከመስኮቱ ብቅ አሉ፣ ቦርሳቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ሳህንሽ እዚህ አለች። አንቺ ልጅ፣ ሻሸመኔ ፍየል የለም ብለሽ ነው? እኔስ አሁን የት ልጣላት?»

«እኔም እናቴን ስጠይቃት የከረምኩት እሱኑ ነው፣ አዴ» አለች ሱሃይላ።

ሴትዮዋ ወደ ቀመሪያ ዞረው፣ «እንዲህ ነው የሚያናግሩት እናንተ ቤት?» ሲሉ ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። የቀመሪያን መልስ ማንም አልሰማም፣ ሳቋን ግን ሁሉም ሰማ።

ሱሃይላ ድንኳኑ ጀርባ ስትመለስ እናቷ እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋው ፊት ተቀምጣለች። ግልገሏ አጠገቧ የብርቱካን ልጣጭ ታላምጣለች፤ ግቢው ውስጥ ሌላ የምትበላው አላገኘችም።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? አድርቂ» አለች ፋኢዛ። «ሳህኑን እኔ አጥበዋለሁ። ያንቺን ምላስ ግን ማን እንደሚያጥበው እንጃ።»