አባዬ ያላየው ፏፏቴ

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ስንቱን ሰው ወደዚያ ዝነኛ ፏፏቴ አመላልሷል፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሲያይ እሱ ግን መኪናና ዕቃ ሲጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ሳያየው ቀረ። ዘንድሮ ሐኪሙ "ዓይናቸው ከጥቂት ወራት በላይ ማየት አይችልም" ሲለን፣ እሁድ ልንወስደው ቆረጥን። መካኒኩ ወንድሜ መኪና ተዋሰ። አባዬም የትኛው ኩርባ ላይ ቀስ እንደምንል ሲያዘን ሰነበተ።

"መሪውን ብትቀሙኝ አፌን አትቀሙኝም!" እያለ ይስቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት መቼ እንደሚከፈት ልጠይቅ ወደ ፏፏቴው ጥበቃ ደወልኩ።

"እህቴ፣ ምን ልታዩ ትመጣላችሁ?" አለኝ። "ውሃው ለኃይል ማመንጫ ተጠልፏል። ድንጋዩ ላይ የቀረችው እንደ ክር የቀጠነች ናት። ክረምት ሲገባ ኑ።"

ክረምቱ ገና ነው። ለወንድሜ ስነግረው ግራሶ የነካውን እጁን በጨርቅ መጥረግ ያዘ።

አባዬ ሳሎን ተቀምጦ ለጉዞው ጫማውን ይቦርሻል። ሁለተኛውን ጫማ እግሩ ሥር በእጁ እየዳበሰ ሲፈልግ አንስቼ ሰጠሁትና እውነቱን ነገርኩት።

"ክረምት ሲገባ እንሄዳለን፣ አባዬ።"

"ይሁን ልጄ። ያን ጊዜ እናንተ አይታችሁ ትነግሩኛላችሁ" አለና መቦረሹን ቀጠለ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ።